ንጉሥም ባሪያም የነበረው ተዋናይ

የመሪውን ተዋናይ ስም ሳይጠይቅ ከሲኒማ ቤት የሚወጣ ተመልካች ጥቂት ነው። ከመሪው ጀርባ ቆሞ ፈረስ የሚይዘውን፣ መሣሪያ የሚያቀብለውን፣ በመጨረሻም በአንድ ጥይት የሚወድቀውን ሰው ስም ግን ማን ይጠይቃል? ፊቱን እናውቀዋለን። «ይኼ ሰውዬ እኮ በዚያኛውም ፊልም ላይ ነበረ» ተባብለን እናልፈዋለን። አሜሪካኖች እንዲህ ያለውን ባለሙያ «ካራክተር አክተር» ይሉታል። ዕድሜ ልኩን በአነስተኛ ክፍሎች እየገባ ታሪኩን ደግፎ የሚያቆም፣ ነገር ግን የታሪኩ ባለቤት የማይሆን ተዋናይ ማለት ነው። ቤት በምሰሶ እንደሚቆም ሁሉ ፊልምም በእነዚህ ሰዎች ይቆማል። እንግዳ ግን ምሰሶውን አይቶ አያደንቅም።

ዛሬ የማወጋችሁ ከእነዚህ ምሰሶዎች ስለ አንዱ፣ ስለ ዉዲ ስትሮድ ነው። ያለ ምክንያት አልመረጥኩትም። ሆሊውድ በታላላቅ ፊልሞቹ «ኢትዮጵያዊ» ብሎ ለዓለም ካሳያቸው ገጸ ባሕርያት ሁለቱን የተጫወተው ይህ የሎስ አንጀለስ ተወላጅ ነው፤ አንዱን እንደ ንጉሥ፣ ሌላውን እንደ ባሪያ። (በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ንጉሡና ባሪያው

በ1956 ሴሲል ቢ. ዴሚል «ዐሥርቱ ትእዛዛት» የተባለውን ግዙፍ ፊልም ለሕዝብ አቀረበ። ብዙዎቻችን በበዓል ሰሞን ደጋግመን ያየነው ነው። በፊልሙ መጀመሪያ አካባቢ፣ ገና የግብፅ መስፍን የነበረው ሙሴ ከኢትዮጵያ ዘመቻ በድል ተመልሶ ፈርዖን ፊት ይቀርባል። ዘመቻው በኦሪት አልተጻፈም፤ በአንደኛው ምዕት ዓመት የኖረው አይሁዳዊ የታሪክ ጸሐፊ ፍላቪየስ ዮሴፍ ካቆየው ትረካ የተቀዳ ነው። ሙሴ የኢትዮጵያን ንጉሥና የንጉሡን እኅት ይዞ ይገባል። እንደ ምርኮኛ ሳይሆን እንደ ወዳጅ ያቀርባቸዋል። እኅቲቱም ለሙሴ ከአገሯ ተራሮች የመጣ አረንጓዴ ድንጋይ ትሰጠዋለች። ንጉሡ ዉዲ ስትሮድ ነው።

ትዕይንቱ አጭር ነው። ሆኖም ፊልሙን ባየሁ ቁጥር ዓይኔ ከሙሴ ይልቅ በዚህ ንጉሥ ላይ ያርፋል። «የአገሬ ንጉሥ ነው» በሚል ወገናዊነት ብቻ አይደለም። የሰውየው አቋቋም ይስባል። ቁመቱ 1 ሜትር ከ93 ሳንቲሜትር ነው፤ ትከሻው የአትሌት ነው። ከዚያ ሁሉ ወርቅና ሐር መካከል ምንም ሳያደርግ መቆም የሚያውቅ እሱ ብቻ ይመስላል።

በዚያው ፊልም ውስጥ ግን ይኸው ሰው ልብሱን ለውጦ ባሪያ ሆኖ ደግሞ ይታያል። አንድ ተዋናይ፣ አንድ ፊልም፣ ንጉሥም ባሪያም! ለፊልም ሠሪዎቹ ይህ ተራ የሥራ ጉዳይ ሊሆን ይችላል። ለእኔ ግን የስትሮድ ሙያዊ ሕይወት በሙሉ በዚህ ተጠቃሎ ይታየኛል። የዘመኑ ሆሊውድ ለጥቁር ሰው ብዙውን ጊዜ የሚሰጠው ቦታ ከሁለት አይዘልም ነበር፤ የሩቅ አገር ንጉሥ ወይም የቅርብ አገልጋይ። በሁለቱ መካከል ያለው፣ ቤት ኪራይ የሚከፍለው፣ የሚያስበውና የሚናገረው ተራ ሰው ቦታው ጠባብ ነበር። ስትሮድ ግማሽ ምዕት ዓመት ያህል የተንቀሳቀሰው በዚህች ጠባብ ቦታ ውስጥ ነው።

ኳስ ሜዳው

ዉድሮው ዊልሰን ዉልዋይን ስትሮድ የተወለደው ጁላይ 25 ቀን 1914 በሎስ አንጀለስ ከተማ ነው። ወላጆቹ ከኒው ኦርሊንስ የመጡ ነበሩ። ስሙን ያገኘው ከወቅቱ ፕሬዚዳንት ነው። የሚያሳዝነው፣ ያ ፕሬዚዳንት በፌዴራል መሥሪያ ቤቶች ውስጥ ጥቁሮችና ነጮች ተለያይተው እንዲሠሩ በአስተዳደሩ የፈቀደ ሰው መሆኑ ነው። ስም ዕዳ ነው የሚባለው ለእንዲህ ያለው ሳይሆን አይቀርም።

ልጁ አትሌት ሆነ። በዴካትሎን ሠለጠነ፤ አሎሎ ወረወረ፤ ከፍታ ዘለለ። ሰውነቱ የሠዓሊዎችን ዓይን ሳይቀር የሳበ ነበር። ሁበርት ስቶዊትስ የተባለ አሜሪካዊ ሠዓሊ የአትሌቶችን ምስል ሥሎ በ1936ቱ የበርሊን ኦሊምፒክ ጊዜ በዚያው ከተማ ሲያሳይ፣ ከሥዕሎቹ አንዱ የስትሮድ ነበር። ናዚዎች ግን የጥቁርና የአይሁድ አትሌቶች ምስል ገብቶበታል ብለው ኤግዚቢሽኑን ዘጉት። ስለዚህ ስትሮድ በሥጋ ያልደረሰባት በርሊን በሥዕሉ አባረረችው ማለት ነው።

በዩ.ሲ.ኤል.ኤ. ዩኒቨርሲቲ የአሜሪካ ፉትቦል ቡድን ውስጥ ከኬኒ ዋሺንግተንና ከጃኪ ሮቢንሰን ጋር ተሰለፈ። ሮቢንሰን በኋላ በ1947 የቤዝቦልን የዘር አጥር ጥሶ ስሙ በዓለም የተጠራው ነው። በ1939 የውድድር ዘመን ይህ ቡድን አንድም ጨዋታ አልተሸነፈም። በመጨረሻው ቀን ከከተማው ባላንጣ ከዩ.ኤስ.ሲ. ጋር ሲገጥም ከ100 ሺህ በላይ ሕዝብ ስታዲየም ገብቶ ነበር፤ ውጤቱ ዜሮ ለዜሮ ሆነ። ያን ያህል ሕዝብ አጨብጭቦላቸው ሲያበቃ ግን ዋሺንግተንንም ሆነ ስትሮድን የሚቀጥር ትልቅ ክለብ አልተገኘም። ከ1934 ጀምሮ በብሔራዊው የፉትቦል ሊግ አንድም ጥቁር ተጫዋች አልነበረም። የተጻፈ ሕግ አልነበረም። የባለ ክለቦቹ ዝምታ ግን ከሕግ ይጠነክር ነበር።

ያን ዝምታ የሰበረው ደግነት ሳይሆን ስታዲየም ነው። በ1946 ራምስ የተባለው ክለብ ከክሊቭላንድ ወደ ሎስ አንጀለስ ተዛውሮ በሕዝብ ገንዘብ በተሠራው ኮሊሲየም መጫወት ፈለገ። የጥቁሮች ጋዜጦች ጸሐፊዎች «ጥቁርም ግብር በከፈለበት ሜዳ ጥቁር የማያሰልፍ ክለብ እንዴት ይጫወታል?» ብለው ተሟገቱ። ክለቡ ኬኒ ዋሺንግተንን ቀጠረ። ከዚያ ጓደኛውን ስትሮድንም ጨመረ። ስትሮድ ያን ጊዜ 32 ዓመት ሊሞላው ነበር፤ ምርጥ ጊዜው በጦርነቱና በአጥሩ አልፏል። አንድ የውድድር ዘመን ተጫውቶ ተሰናበተ። ለመሰናበቱ አንዱ ምክንያት ሃዋያዊቱን ሉዋናን ማግባቱ እንደሆነ ያምን ነበር።

ብዙ ሰው እንዲህ ያለውን ታሪክ ሲተርክ «የመጀመሪያው» የሚለውን ቃል እንደ ሜዳልያ ያንጠለጥለዋል። ስትሮድ ግን በስተርጅናው ሲጠየቅ ያ ጊዜ የሕይወቱ ዝቅተኛው ደረጃ እንደነበር ነው የተናገረው። መንግሥተ ሰማያትም ብትሆን አጥር እየሰበርኩ የምገባባት ከሆነች ይቅርብኝ እስከ ማለት ደርሷል። ይህን ንግግሩን የማነሣው ያለ ምክንያት አይደለም። አጥር ሰባሪን ማወደስ ለኛ ለተመልካቾች ቀላል ነው። ትከሻው የቆሰለው ግን እሱ ነው።

በ1948 ወደ ካናዳ ሄዶ ካልጋሪ ስታምፒደርስ ለተባለው ቡድን ተጫወተ። ቡድኑ በዚያ ዓመት ሳይሸነፍ የአገሪቱን ዋንጫ ወሰደ። በፍጻሜው ጨዋታ ተቃራኒዎቹ የሞተ መስሏቸው የተዉትን ኳስ አንሥቶ የሮጠውና ለአሸናፊው ነጥብ መንገድ የከፈተው ስትሮድ ነበር። ከዚያ በኋላ ደግሞ በነጻ ትግል መድረክ ላይ ለእንጀራው ታግሏል።

የአንበሳ ቆዳ

ወደ ፊልም የገባው በሰውነቱ ነው። በ1941 ታሪኩ በኬንያ በሚፈጸም «ሰንዳውን» በተባለ ፊልም ስሙ ሳይጻፍ ታየ። ከዚያ በኋላ በየጫካው ፊልም ጦር ይዞ የሚቆም «አፍሪካዊ» ሆነ። በ1952 «አንድሮክልስና አንበሳው» በተባለው ፊልም ደግሞ የተሰጠው ክፍል አንበሳው ነበር! የአንበሳ ቆዳ ለብሶ ተጫወተ። ይህን ሳነብ መሳቅም ማዘንም አቃተኝ። ዩኒቨርሲቲ የገባ፣ በጦርነቱ ጊዜ በአየር ኃይሉ ውስጥ በሩቅ ደሴቶች ቦምብ ያራገፈ ሰው፣ ሆሊውድ ፊቱን ሳያሳይ ጉልበቱን ብቻ ገዛው።

የመጀመሪያው እውነተኛ ፈተና የመጣው በ1959 ነው። ሉዊስ ማይልስቶን ስለ ኮሪያ ጦርነት በሠራው «ፖርክ ቾፕ ሂል» ስትሮድ ፍራንክሊን የተባለ ተራ ወታደር ሆኖ ተጫወተ። ፍራንክሊን መዋጋት የማይፈልግ ሰው ነው። በመሪው ተዋናይ በግሪጎሪ ፔክ ላይ ጠመንጃ ደቅኖ፣ ለማላውቃት ኮሪያ ለምን እሞታለሁ፣ በአገሬስ ምን አለኝና ይላል። ለዘመኑ ትልቅ ድፍረት ነበር። በነገራችን ላይ ፊልሙ የተመሠረተበት የኤስ. ኤል. ኤ. ማርሻል መጽሐፍ የኛው የቃኘው ሻለቃ ወታደሮች በዚያው ግንባር ስለ ፈጸሙት ጀብዱ በአድናቆት የሚተርክ ክፍል አለው። ፊልሙ ግን ወደነሱ አልዞረም። እንግዲህ ሆሊውድ እውነተኞቹን ኢትዮጵያውያን ወታደሮች ትቶ የፈጠራ ኢትዮጵያዊ ሊያመጣ አንድ ዓመት ቀርቶት ነበር።

የድራባ ዝምታ

የፈጠራው ኢትዮጵያዊ ድራባ ይባላል። ፊልሙ በ1960 የወጣው «ስፓርታከስ» ነው፤ ዳይሬክተሩ ስታንሊ ኩብሪክ፣ መሪ ተዋናዩ ኪርክ ዳግላስ። በጥንታዊት ሮም ስላመፁ ባሮች የሚተርክ፣ ከሦስት ሰዓት በላይ የሚፈጅ ሥራ ነው። ስትሮድ በዚህ ሁሉ ጊዜ ውስጥ የሚታየው በመጀመሪያው ክፍል ብቻ ነው። ብዙ አይናገርም። ስፓርታከስ ወደ ካፑዋው የግላዲያተሮች ማሠልጠኛ እንደገባ ስሙን ሲጠይቀው ድራባ አይነግረውም። አንድ ቀን ሜዳ ላይ ብንገናኝ ልገድልህ ነውና ስምህን አልፈልግም፣ ስሜንም አትፈልግ ይለዋል። ስም የወዳጅነት መጀመሪያ ነው፤ በዚያ ቤት ደግሞ ወዳጅነት ቅንጦት ነው።

የፈራው አልቀረም። ባለጸጋው ክራሰስ ከእንግዶቹ ጋር ይመጣና ሁለት ጥንድ ግላዲያተሮች እስከ ሞት ሲዋጉ ማየት ይፈልጋል። ሴቶቹ እንደ ገበያ ዕቃ ሰው ይመርጣሉ። የመጀመሪያዎቹ ጥንዶች ሲዋጉ ስፓርታከስና ድራባ በጠባብ የእንጨት ክፍል ውስጥ ፊት ለፊት ተቀምጠው ተራቸውን ይጠብቃሉ። በሳንቃው ስንጥቅ የሌሎቹን ሞት ያያሉ። አንድም ቃል አይለዋወጡም። እኔ በሲኒማ ካየኋቸው ዝምታዎች ከዚህ የሚከብድ አላውቅም። ስትሮድ ፊቱን እንኳ አያንቀሳቅስም፤ ነገር ግን አንድ ሰው በዚያ አግዳሚ ላይ ተቀምጦ ከራሱ ጋር ተሟግቶ ውሳኔ ላይ ሲደርስ እናያለን።

ከዚያ ድራባ በመረቡና ባለ ሦስት ሹል ጦሩን ይዞ ይወጣል። ያሸንፋልም። ጦሩ የስፓርታከስ ጉሮሮ ላይ ነው። ከላይ «ግደለው» የሚል ምልክት ይሰጣል። ድራባ ቀና ብሎ ተመልካቾቹን ያያል። ጦሩንም ከስፓርታከስ አንገት አንሥቶ ወደ ሮማውያኑ ይወረውራል፤ ራሱም ግንቡን ይወጣል። ከኋላው በጦር ይወጋል፤ ክራሰስ በጩቤ ይጨርሰዋል። ሬሳው ለሌሎቹ መቀጣጫ እንዲሆን ቁልቁል ይሰቀላል።

ልብ በሉ። የፊልሙ ርዕስ «ስፓርታከስ» ነው። አመፁን የሚመራውም ስፓርታከስ ነው። ነገር ግን ያ አመፅ እንዲነሣ ያደረገው፣ ስፓርታከስን ራሱን ከሞት ያተረፈው፣ ስሙን እንኳ ያልሰጠው ሰው ነው። የአንድ አነስተኛ ክፍል ተዋናይ ዋጋ ምን እንደሆነ ለሚጠይቅ ሰው ከዚህ የተሻለ መልስ የለኝም። ድራባን ከፊልሙ አውጡት፤ ሁለት ሰዓት ተኩል የሚሆነው ቀሪው ታሪክ ምክንያት ያጣል።

ስትሮድ በዚህ ሥራው ለጎልደን ግሎብ ሽልማት በረዳት ተዋናይነት ታጨ። አላሸነፈም። የዚያን ዓመት የረዳት ተዋናይነት ኦስካር የወሰደውም ከዚሁ ፊልም ፒተር ኡስቲኖቭ ነው። ኡስቲኖቭ ድንቅ ተዋናይ ስለነበር አይነፈገውም። የተጫወተው ግን የግላዲያተሮቹን ባለቤት ነበር። ባሪያው ሞቶ ጌታው ተሸለመ ብለን እንለፈው።

የጆን ፎርድ ሰው

በዚያው በ1960 ታዋቂው የካውቦይ ፊልሞች ዳይሬክተር ጆን ፎርድ «ሳጅን ራትሌጅ»ን ሠራ። ራትሌጅ በዘጠነኛው ፈረሰኛ ክፍለ ጦር ውስጥ የሚያገለግል ጥቁር ሳጅን ነው። አንዲት ነጭ ልጃገረድ ደፍሮ ገድሏል፣ አባቷንም ገድሏል ተብሎ በጦር ፍርድ ቤት ይቀርባል። ታሪኩ በሙሉ በምስክሮች ቃል ወደ ኋላ እየተመለሰ ይነገራል። ስቱዲዮው እንደ ሲድኒ ፖይቲየር ወይም እንደ ሃሪ ቤላፎንቴ ያለ ስም ያለው ተዋናይ ቢፈልግም ፎርድ ስትሮድ ካልሆነ አለ። ፊልሙ በራትሌጅ ስም ቢጠራም በተዋንያን ዝርዝር ላይ በመጀመሪያ የተጻፈው የስትሮድ ስም አልነበረም፤ የነጩ ጠበቃ ተዋናይ የጄፍሪ ሀንተር ነው።

ቢሆንም በዚህ ፊልም ስትሮድ አንድ ጊዜ እንኳ ሙሉ ሰው የመሆን ዕድል አገኘ። አምልጦ ሳለ ጓዶቹን ከአድፋጮች ለማዳን ለምን እንደተመለሰ በምስክር ወንበር ላይ ሆኖ ሲጠየቅ፣ ያ ድንጋይ የሚመስል ፊት ይሰነጠቃል፤ ድምፁ ይንቀጠቀጣል። በፈረስ ሆኖ የፔኮስን ወንዝ የሚሻገርበትንም ትዕይንት በኩራት ያነሣው ነበር። ከዚያ በፊት ጥቁር ሰው በፊልም ላይ እንደ ጆን ዌይን ሲጋልብ ታይቶ እንደማያውቅ፣ ያን ወንዝ ሲሻገር መላውን ወገኑን ተሸክሞ እንደተሻገረ ይሰማው ነበር። ፊልሙ በገበያ አልቀናውም።

ከሁለት ዓመት በኋላ ፎርድ «ሊበርቲ ቫላንስን የገደለው ሰው» በተባለው ፊልሙ የፖምፔን ክፍል ሰጠው። ፖምፔ የጆን ዌይን አሽከር ነው። ስለዚህ ክፍል የሚከራከሩ አሉ፤ «ሳጅን የነበረውን መልሶ አሽከር አደረገው» ይላሉ። ተቃውሞው እውነት አለበት። ግን ፊልሙን ረጋ ብሎ ያየ ሰው ሌላም ነገር ያያል። በመንደሩ ትምህርት ቤት ፖምፔ ከሕፃናትና ከጎልማሶች ጋር ተቀምጦ የአሜሪካንን የነጻነት ዐዋጅ በቃሉ ሲያነበንብ፣ ሰው ሁሉ እኩል ሆኖ ተፈጥሯል የምትለዋ ሐረግ ላይ ሲደርስ ትጠፋበታለች። መምህሩ ጄምስ ስቱዋርት፣ ግድ የለም፣ ያቺን የሚረሷት ብዙዎች ናቸው ይለዋል። ከፖምፔ ጀርባ የሊንከን ሥዕል ተሰቅሏል። በ1962 አሜሪካ ውስጥ ይህን ትዕይንት ያዩ ሰዎች፣ ረሺው ማን እንደሆነ የሚነግራቸው አላስፈለጋቸውም። በወሳኟ ሌሊት ጠመንጃውን ለጆን ዌይን የሚወረውርለትም ይኸው ፖምፔ ነው። ዌይን ሞቶ በደሃ ሣጥን ውስጥ ሲተኛ አጠገቡ የተቀመጠውም እሱ ነው።

በፊልሙ ቀረጻ ላይ ስለሆነ አንድ ነገር ስትሮድ የተረከው አለ። ፎርድ፣ በወጣትነቱ ለዩ.ኤስ.ሲ. ፉትቦል የሞከረውን ጆን ዌይንን «እውነተኛው ተጫዋች ዉዲ ነው» እያለ ያበሽቀው ነበር። አንድ ቀን ሁለቱ በጋሪ ላይ እያሉ ፈረሶቹ አልቆም ሲሉ ስትሮድ ልጓሙን ሊይዝ እጁን ሰደደ፤ ዌይን ገፈተረው። ሲወርዱ ሊደባደቡ ተጠጋጉ። ፎርድ ጮኾ፣ ዉዲ እንዳትመታው፣ ለፊልሙ ያስፈልገናል አለ ይባላል። በጆን ዌይን ላይ እጁን እንዳያነሣ የተለመነ ሰው በሆሊውድ ብዙ አልነበረም።

የፎርድና የስትሮድ ወዳጅነት ግን ለማብራራት የሚያስቸግር ነው። ፎርድ ክፉ አንደበት የነበረው፣ ተዋንያንን የሚያዋርድ ሰው ነበር። ስትሮድ እንደ አባት ያየው ነበር። ሽማግሌው ሲደክም ለአራት ወራት ያህል ወለል ላይ እየተኛ አስታመመው። ፎርድ ኦገስት 31 ቀን 1973 ሲያርፍም አጠገቡ ነበር። በፊልሙ ፖምፔ ከጌታው ሣጥን አጠገብ እንደተቀመጠ፣ በሕይወቱም ስትሮድ ከፎርድ አልጋ አጠገብ ተገኘ። «አሽከርነቱ ከፊልም ወደ ኑሮ ተሻገረ» የሚል ይኖራል። እኔ እንደዚያ አላየውም። አሽከር የሚቆየው ደመወዝ እስካለ ነው። ስትሮድ ያን ጊዜ ከፎርድ የሚያገኘው ሥራም ሆነ ገንዘብ አልነበረም። ውለታን መክፈል የሰው ነው፤ በተለይም ከባለ ውለታው የሚበልጥ ሰው ነው።

በሌላ አገር የተገኘ ሰውነት

በ1966 በ«ዘ ፕሮፌሽናልስ» ከበርት ላንካስተር፣ ከሊ ማርቪንና ከሮበርት ራያን ጋር ከአራቱ ባለሙያዎች አንዱ ሆነ፤ ቀስተኛውና ዱካ ፈላጊው። በታሪኩ ከሦስቱ እኩል ቢሆንም በስም ዝርዝሩ ላይ እኩል አልነበረም። ከዚያ በኋላ ወደ ጣሊያን ተሻገረ።

በ1968 ሰርጆ ሌዮኔ «በአንድ ወቅት በምዕራብ» የተባለውን ፊልም ሲጀምር ሦስት ሽፍቶች በጭር ባለ ባቡር ጣቢያ ላይ ሰው ይጠብቃሉ። አንዱ ስትሮድ ነው። ከላይ ውኃ ጠብ ጠብ ይልበታል። ቦታውን አይለውጥም፤ ባርኔጣውን ይደፋል። ጠብታው በባርኔጣው ዙሪያ ይጠራቀማል። ባቡሩ ሲደርስ ባርኔጣውን ዘንበል አድርጎ ውኃውን ይጠጣል። ይኸው ነው። ከደቂቃዎች በኋላ በቻርልስ ብሮንሰን ጥይት ይሞታል። ቃል የለም ማለት ይቻላል፤ ታሪክ የለም፤ ነገር ግን ያን ፊልም ያየ ሰው ሌላውን ቢረሳ ያችን የውኃ ጠብታ አይረሳም።

በዚያው ዓመት ቫሌሪዮ ዙርሊኒ የተባለው ጣሊያናዊ ዳይሬክተር መሪ ተዋናይ አደረገው። «በቀኙ ተቀምጦ» የሚል ርዕስ ያለው ይህ ፊልም፣ በ1961 የተገደለውን የኮንጎውን መሪ ፓትሪስ ሉሙምባን የሚያስታውስ ላሉቢ የተባለ አፍሪካዊ መሪ ከመያዙ እስከ ሞቱ ያለውን ሥቃይ ይተርካል። በአሜሪካ «ጥቁሩ ኢየሱስ» በሚል ስም ታየ። ሆሊውድ ጦር አስይዞ ያቆመው ሰው በሮም አፍሪካዊ ሰማዕት ሆነ። በተረፈ እነ ቴሬንስ ሂልና ባድ ስፔንሰር በሚታወቁባቸው የጣሊያን የካውቦይ ፊልሞችም ተሠማርቷል፤ በ1969 ከሁለቱ ጋር፣ በ1976 በ«ኬኦማ» ከፍራንኮ ኔሮ ጋር ሠርቷል። በዓለም ገበያ ዘር ከቁጥር አይገባም ይል ነበር፤ ቢሰጠኝ ሰማያዊ የዓይን መነጽርና ወርቃማ ሰው ሠራሽ ጸጉር አድርጌ ቫይኪንግ እጫወታለሁ እያለም ይቀልድ ነበር። ቀልዱ ከመራራ ቦታ የመጣ ነው። አንድ ተዋናይ የሚመኘው ሌላው ቀላል ነገር ይህ ነበርና፦ ራሱን ያልሆነ ሰው የመጫወት መብት።

በመጨረሻ ዘመኑ አዲሱ ትውልድ አስታወሰው። በ1993 ማሪዮ ቫን ፒብልስ ስለ ጥቁር ካውቦዮች «ፖሲ» የተባለውን ፊልም ሲሠራ ታሪኩን የሚተርከውን ሽማግሌ እንዲጫወት ስትሮድን መረጠ። ዝም ሲል የኖረው ሰው በመጨረሻው ተራኪ ሆነ። ዲሴምበር 31 ቀን 1994 በሳንባ ካንሰር በ80 ዓመቱ አረፈ። የመጨረሻ ሥራው «ዘ ኩዊክ ኤንድ ዘ ዴድ» በ1995 ሲወጣ መታሰቢያነቱ ለእሱ ሆነ። በዚያ ፊልም የተጫወተው የሬሳ ሣጥን ሠሪ ነበር።

በዚያው በ1995 ዓለምን ያስደነቀው «ቶይ ስቶሪ» የካርቱን ፊልም ወጣ። የፊልሙ ዋና ሰው የሆነው ካውቦይ አሻንጉሊት ዉዲ ይባላል፤ ስሙ የተወሰደው ከዉዲ ስትሮድ ነው። ልጆቻችን የሚያውቁት ስም የማን እንደሆነ ሳያውቁ ይጠሩታል። በ2022 ደግሞ የፉትቦሉ የዝና አዳራሽ ለስትሮድ፣ ለኬኒ ዋሺንግተንና በዚያው በ1946 በክሊቭላንድ ለተሰለፉ ሁለት ጥቁር ተጫዋቾች የፈር ቀዳጅነት ሽልማት ሰጠ። አራቱም በሕይወት አልነበሩም። «የተረሱት አራቱ» ነው የሚባሉት።

እንዲህ ያለውን ሕይወት በምን እንለካው? በጎደለው ብቻ ብንለካው ስትሮድ የተበደለ ሰው ይሆናል፤ መበደሉም አይካድም። በክብሩ ብቻ ብንለካው በደሉን ማሳመር ይመጣል። «በዝምታው ሁሉን ተናገረ» ማለት ቀላል ነው፤ ዝምታው ግን ብዙ ጊዜ የተሰጠው እንጂ የመረጠው አልነበረም። እኔ የማደንቀው ዝም ማለቱን አይደለም። ዝም በል ሲሉት ዝምታውን ለእነሱ አለመተዉን ነው። አሽከር አድርገው ሲያቆሙት ከጌታው ቀጥ ብሎ ቆመ። ለደቂቃዎች ብቻ ሲያስገቡት የሦስት ሰዓቱን ታሪክ መነሻ ይዞ ወጣ። ኢትዮጵያ የምትባለውን አገር አይቷት እንደሆነ አላውቅም፤ ነገር ግን ዓለም በስሟ ሁለት ጊዜ ሲያየው፣ ንጉሥ ሆኖ አልተኮፈሰም፤ ባሪያ ሆኖም አልጎበጠም። ለዚህ ሲሆን ስሙን ጠይቆ ማወቅ ያንሳል እንጂ አይበዛም።